ሁለቱንም ዝፈኚ

ለውድ እህቴና ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጅማም ደህና ናት። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ቀንም ሌትም አይተወንም። የአዌቱ ወንዝ ሞልቷል፣ የሂርማታ መንገድ በጭቃ ተይዟል፣ ባጃጅ ለማግኘት ያለው ግፊያ እንደምታውቂው ነው።

ዝምታችን በጣም ረዘመ። ማን ቀድሞ ዝም አለ ብለን አንቆጣጠር። አንቺ በሰው አገር ኑሮ ስታሸንፊ፣ እኔ እዚህ በልጅና በሥራ ስሮጥ ጊዜው ነጎደ። ከልቤ ግን ወጥተሽ አታውቂም።

አሁን ብዕር ያስነሡኝ እናትሽ ናቸው። ገበያ ውስጥ ኮረሪማ ሲመርጡ አገኘኋቸው። ሰላምታው ሳያልቅ «ልጄ ጨንቋታል» አሉኝ። አንድ የጃዝ ባንድ አብረሽን ዝፈኚ ብሎ ጠይቆሻል። የድምፅ አስተማሪሽ ደግሞ «ጃዝ ከጀመርሽ ኦፔራውን እርሺው፣ ድምፅሽ ይበላሻል» ብለውሻል። እናትሽ ጃዝ ምን እንደሆነ ብዙም አያውቁም። ልጃቸው ስትፈራ ግን ከድምፅዋ ያውቃሉ። «አንቺን ትሰማሻለች፣ ጻፊላት» አሉኝ። ያንኑ ማታ ቁጭ አልኩ።

ሐሳቤን አላድበሰብስብሽም። ዝፈኚ። ኦፔራውን ሳትተዪ ጃዙንም ዝፈኚ።

አሜሪካዊቷን የኦፔራ ዘፋኝ አይሊን ፋረልን ከእኔ በላይ ታውቂያታለሽ። ቢሆንም ታሪኳን በእኔ አፍ አንድ ጊዜ ስሚው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) በ1920 ኮኔክቲከት ውስጥ ተወለደች። አባትና እናቷ በየከተማው እየዞሩ መድረክ ላይ የሚዘፍኑ ሰዎች ነበሩ። በ1940ዎቹ ሲቢኤስ በሚባለው የአሜሪካ ራዲዮ ላይ የራሷ ፕሮግራም ነበራት። እዚያ ክላሲካሉንም፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈንም ትዘፍን ነበር። ያኔ ሁለቱን የሚለይ አጥር ጉሮሮዋ ውስጥ ማንም አልሠራባትም።

ከዚያ 1959 መጣ። ጣሊያን ስፖሌቶ ውስጥ ፌስቲቫል ነበር። ፋረል የሄደችው የቬርዲን ሬኩዬም፣ ያንን የሙታን ጸሎት፣ ልትዘፍን ነው። ሬኩዬሙ ለሶፕራኖ፣ ለከፍተኛው የሴት ድምፅ፣ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። በዚያው ፌስቲቫል ላይ የጃዙ ትራምፔት ተጫዋችና ዘፋኝ ሉዊ አርምስትሮንግ ሊጫወት ቀጠሮ ነበረው። እሱ ድንገት ታመመና ሆስፒታል ገባ። ባንዱ አለ፣ ሕዝቡ አለ፣ ዘፋኙ የለም። ፋረል መድረክ ላይ ወጣችና ከአርምስትሮንግ ባንድ ጋር ዘፈነች። የሙታን ጸሎት ሊዘፍን የመጣ ጉሮሮ ከትራምፔትና ከድራም ጋር ተገናኘ። ሕዝቡ በጣም ወደዳት። በዚህም ምክንያት ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ የብሉዝና የጃዝ ዘፈኖች አስቀረጻትና አልበሙ በ1960 ወጣ።

አሁን ልብ በይልኝ። በዚያው በ1960፣ ታኅሣሥ ወር ላይ፣ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ ሜት በሚሉት ትልቅ መድረክ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣች። የግሉክን ኦፔራ አልሴስት ነበር የዘፈነችው። ዕድሜዋ 40 ነበር። ብሉዝ የዘፈነችበት ሸክላ ገበያ ላይ እያለ ማለት ነው! ጃዝ በር ይዘጋል የሚልሽ ሰው ካለ ይህን ዓመት ንገሪው። ሜትን የተወችው በ1966 ነው፤ ምክንያቱም የድምፅ መበላሸት አልነበረም። ከቲያትሩ ኃላፊ ጋር አይግባቡም ነበር፣ እሷም ቤቷንና ልጆቿን ትወድ ነበር። ባሏ የኒውዮርክ ፖሊስ ነበር። በኋላ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ድምፅ አስተማረች። ወደ ሰባ ዓመቷ ስትጠጋ ደግሞ እንደገና ስቱዲዮ ገብታ የድሮ ዘፈኖችን በጃዝ አልበም ላይ አልበም እያደረገች አወጣች። እኔ ይሄ ነው የሚገርመኝ። የተበላሸ ድምፅ በዚያ ዕድሜ ስቱዲዮ አይገባም።

አስተማሪሽ ግን እንዲያው በክፋት ተናገሩ አልልም። ፍርሃታቸው ምክንያት አለው። እዚህ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቤት ውስጥ መነጋገር እንደማይቻል ታስታውሻለሽ። ኦርኬስትራም ለኦፔራ ዘፋኝ እንደዚያ ዝናብ ነው፤ እሷ ማይክ የላትም፣ በዚያ ሁሉ ላይ አልፋ መሰማት አለባት። በጩኸት አይደለም የምታልፈው። የኦርኬስትራው ጉልበት 500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ይበዛና ወደ ላይ ሲወጣ እየሳሳ ይሄዳል። የሠለጠነ የኦፔራ ድምፅ ደግሞ 3,000 ኸርዝ አካባቢ የሚያበራ ጉልበት ይሰበስባል። በተለይ በወንዶቹ ድምፅ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። የሰው ጆሮ እዚያ አካባቢ ንቁ ስለሆነ አንድ ጉሮሮ ሰማንያ መሣሪያ አልፎ ይሰማል። ይህን ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል፤ አንቺም ከፍለሽበታል።

ጃዝ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ማይኩ አለልሽ። ሹክሹክታ እንኳ ከኋላ ወንበር ይሰማል። ታዲያ የለመደ የኦፔራ ዘፋኝ ማይክ ሲይዝ ምን ያደርጋል? ያንኑ የአዳራሽ ጉልበት ይዞ ይመጣል። ቃሉን ሁሉ ያከብዳል፣ ድምፁን ሁሉ ያንቀጠቅጣል፣ ምቱ ላይ ልክ እንደ ወታደር ይረግጣል። እንዲህ የተዘፈኑ ብዙ አልበሞች አሉ። ለመስማት ያደክማሉ። ሌላው ስህተት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጃዝ ቀላል ነው ብሎ ትንፋሹን ጥሎ ከጉሮሮ ብቻ መዝፈን። ድምፅ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ጃዙ አይደለም የሚጎዳው፣ ድጋፍ የሌለው ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ትንፋሽሽን እንዳለ ያዢው፤ ጉልበቱን ብቻ ቀንሺው።

የኦፔራ ዘፋኟን ሬኔ ፍሌሚንግንም አስቢያት። ተማሪ ሳለች ኒውዮርክ ግዛት ፖትስዳም ውስጥ አንድ ቡና ቤት ሦስት ሰዎች ካሉበት የጃዝ ባንድ ጋር ትዘፍን ነበር። ታላቁ ሳክስፎን ተጫዋች ኢሊኖይ ዣኬት ከባንዱ ጋር እንድትዞር ጠየቃት። እሷ ትምህርቷን መረጠች፣ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች፣ ከዚያም የዓለም ትልልቅ መድረኮችን ያዘች። ግን ጃዙ አልሞተም። በ2005 ከፒያኖ ተጫዋቹ ፍሬድ ኸርሽና ከጊታሪስቱ ቢል ፍሪዜል ጋር አልበም አወጣች። እዚያ ላይ በኦፔራ የምናውቀው ከፍተኛ ድምፅ ብዙም የለም፤ ወደ ንግግሯ ወርዳ፣ ዝቅ ብላ ነው የምትዘፍነው። መጀመሪያ ስሰማው እሷ መሆኗን ተጠራጥሬ ነበር። ሌላዋ የኦፔራ ዘፋኝ ባርባራ ሄንድሪክስም በ1994 ስዊዘርላንድ ሞንትሩ ጃዝ ፌስቲቫል ላይ ወጥታ፣ ቀጥላ የታላቁን የጃዝ ሰው የዱክ ኤሊንግተንን ዘፈኖች ቀረጸች።

ኤሊንግተን ስል ወደ አገራችን እመጣለሁ። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ አጠገቡ የነበረው ደግሞ የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ሙላቱ በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። ቡና ስንጠጣ ስንቴ በኩራት ተናግረነዋል! እሱስ ምን አደረገ? እንግሊዝ ለሌላ ትምህርት ሄዶ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፣ ክላሲካል ተማረ። ከዚያ ቦስተን በርክሊ በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጃዝ ተማረ። ያንን ሁሉ ይዞ ወደ እኛ ቅኝት መጣ፤ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ላይ የጃዝን የድምፅ ስምምነት (ሃርመኒ) ዘረጋበት። ክላሲካሉ ጃዙን አልከለከለውም፣ ጃዙም ቅኝቱን አላጠፋበትም። እሱ የተወለደበት ከተማ ልጅ ሆነሽ አንዱን ምረጪ ሲሉሽ ዝም ብለሽ አትስሚ።

ሌላ አንድ ነገር ላንሣልሽ፣ ይህን ሳነብ ደስታዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። የቬርዲ ኦፔራ አይዳ ዋና ገጸ ባሕርይ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ መሆኗን ታውቂያለሽ፤ አባቷ አሞናስሮ ይባላል። በ1955 ጥር ሮበርት ማክፈሪን ሜት መድረክ ላይ ወጣ። እዚያ ዋና ሚና የዘፈነ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ነው። ከእሱ ሳምንታት ቀደም ብላ ጥቁሯ ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰን እዚያው ዘፍና በሩን ከፍታ ነበር። የዘፈነውም የኢትዮጵያን ንጉሥ፣ አሞናስሮን! ልጁ ቦቢ ማክፈሪን ደግሞ የጃዝ ዘፋኝ ሆነ። ብቻውን በጉሮሮው ባስ፣ ከበሮና ዜማ አንድ ላይ የሚጫወተው ሰው ማለት ነው። ኦፔራና ጃዝ በአንድ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አደጉ። ማንም ማንንም አላባረረም።

እና አንቺስ? አንቺ ድሮም ሁለት ድምፅ ነበረሽ። ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋር ግቢ አጠገብ ስትዘፍኚ ቁልቁል ያሉ እረኞች ቀና ይሉ ነበር። ማታ ደግሞ እናትሽ ቡና ሲያፈሉ ትዝታን ቀስ ብለሽ፣ ለራስሽ የምትናገሪ እየመሰልሽ ታንጎራጉሪ ነበር። እናትሽ ጀበናውን ይዘው ይቆሙ ነበር። ባንዱ የሚፈልገው ያንን የማታውን ድምፅ ነው። እሱን ማንም አላስተማረሽም።

እስቲ ከሥራው እንጀምር። መጀመሪያ ከፒያኖ ተጫዋቹ ጋር ብቻ ተቀመጪ። ዘፈኖቹን ዝቅ አድርጊያቸው፤ በጃዝ ከፍታውን የሚወስነው ዘፋኙ ነው፣ እንደ ኦፔራ ኖታው ላይ የተጻፈ ዕጣ ፈንታ አይደለም። ግጥሙን ሳትዘፍኚ ጮክ ብለሽ ለጓደኛ እንደምትነግሪ አንብቢው፣ ዜማውን በኋላ ጨምሪበት። ምቱን ጠብቂው እንጂ አትሩጪበት፤ ትንሽ ዘግየት ብሎ መግባት ሲመችሽ ያን ጊዜ ገባሽ ማለት ነው። መሪ ዱላ ይዞ ፊትሽ አይቆምም፤ ባሱን ስሚ። የድምፅ ትምህርትሽን አታቋርጪ። ትልቅ የኦፔራ ምሽት ካለሽ በዋዜማው ክለብ ውስጥ በጭስና በጫጫታ መሃል አትዝፈኚ፤ በዚህ በኩል አስተማሪሽ ልክ ናቸው። እሳቸውን በክርክር አታሸንፊያቸውም፣ ዘፍነሽ አሰሚያቸው።

ለእኛ ጉዳዩ የአንቺ ብቻ አይደለም። እኔ ከሰዓት በኋላ ኪቦርድ የማስተምራቸው ልጆች አሉኝ። ክላሲካል የሚወድ ልጅ በሠርግ መጫወት ያሳፍረዋል፣ በሠርግ የሚጫወተው ደግሞ ኖታ ማንበብን የፈረንጅ ጣጣ ይለዋል። ሁለቱንም የያዘ ሰው ከከተማቸው ወጥቶ ቢያዩ ብዙ ክርክር ይቀርልኛል። ስለዚህ የዘፈንሽን ቅጂ ስጠይቅሽ ለራሴ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ባንዱን መቼ እንደምታገኚ ጻፊልኝ። ልምምዱን በስልክ ቀድተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ጥራቱ ምንም ይሁን። ፋሲካ ላይ ወደዚያ የሚመጣ ዘመድ አለን፤ የተቆላ ቡና፣ ከከፋ አገር የመጣ ማርና የእናትሽን በርበሬ እልክልሻለሁ። የጫማሽን ቁጥርም ጨምሪልኝ፣ እናትሽ ካልሲ እየሠሩ ነው።

የምትወድሽ እህትሽ፣
ከጅማ