የእንስሳው ቫልቭ ስንት ዓመት ይቆያል?

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ሰሞኑን የልብ ቫልቭ ስለ ማስቀየር ያወጣችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን ከእንስሳ የሚሠራው ቫልቭ «ከደም ማቅጠኛ ኪኒን ይገላግላል» ብላችሁ ዝም አላችሁ። ስንት ዓመት ይቆያል? ዋናው ጥያቄ እኮ እሱ ነው።

ቫልቩ የሚሠራው ከአሳማ የልብ ቫልቭ ወይም የከብት ልብ ከተጠቀለለበት ስስ ሽፋን ነው። (አሳማ ሲባል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ፊቱ ይቀየራል፤ የከብትም አለ፣ ይነገረው።) ቆዳ ፋቂ ቆዳ እንደሚያለፋው ሁሉ ግሉታራልዴሃይድ በሚባል ኬሚካል ይለፋል፤ ያኔ ይጠነክራል፣ ሰውነትም ብዙ አይጣላውም። ግን ሕይወት የለውም፣ ሲጎዳ ራሱን አይጠግንም። ውሎ አድሮ ካልሲየም ይጋገርበትና ይደድራል፣ ወይም ይቀደድና ደም ወደ ኋላ ያፈሳል።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ላይ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል። ወጣት ላይ ቶሎ ይበላሻል፣ ሚትራል ቦታ (በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል) ላይ ከገባ ደግሞ ይብሳል። እኛ ጋ ደግሞ ቫልቭ የሚያስቀይረው ብዙው ወጣት ነው፤ በልጅነቱ ጉሮሮውን ታሞ ሳይታከም ቀርቶ ሩማቲክ የልብ በሽታ የያዘው፣ ሩማቲክ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያጠቃው ያንኑ ሚትራሉን። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያም ከ50 ዓመት በታች ላለና ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛውን ኪኒን) መውሰድ ለሚችል ሰው፣ ኪኒኑን ዕድሜ ልክ ወደሚጠይቀው ግን ቶሎ ወደማይበላሸው የብረት ቫልቭ ያደላል።

የእህቴ ልጅ ገና በሃያዎቹ ናት፣ የእንስሳውን ነው ያስገባችው። መውለድ ትፈልጋለች፣ ዋርፋሪን ጽንስ ሊጎዳ ይችላል። በዚያ ላይ የዋርፋሪን ሰው ደሙን ዕድሜ ልኩን እየተመላለሰ መለካት አለበት፤ ጾም ገብቶ ጎመን ሲበዛ ልኬቱ ይዛባል፣ ከደምቢያ ገጠር ለሚመጣ ሰው ደግሞ ምልልሱ ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ስለዚህ ምርጫዋን አልነቅፍም።

ያናደደኝ ስትወጣ የሆነው ነው። የተሰጣት ወረቀት ላይ የቫልቩ ስም የለም፣ መጠኑ የለም። «ሲያምሽ ነይ» ተባለች፣ አለቀ። ሲያምሽ ማለት ምን ማለት ነው? ቫልቩ ሲደክም ሰው ዳገት ላይ ማለክለክ ይጀምራል፣ ቤተሰብ ደም ማነስ ነው ይላል፣ ወር ያልፋል። ባያማትም ቀጠሮ ይዛ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) መነሳት አለባት። መጠኑም ቢሆን ለጌጥ አይደለም፤ አሁን ደረት ሳይከፈት በደም ሥር አስገብቶ አዲሱን ቫልቭ አሮጌው ውስጥ መትከል ይቻላል፣ ሐኪሙ ግን የአሮጌውን ዓይነትና ልክ ማወቅ አለበት። ቫልቭ ተቀየረ ተብሎ፣ ሩማቲኩ እንዳያገረሽ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ እንደማይቆምም እኛ የሰማነው ከሌላ ታካሚ ነው!

እባካችሁ በቀጣዩ እትም አንድ የልብ ሐኪም አነጋግሩና ይህን ጠይቁልን፦ የእንስሳው ቫልቭ ያለቀበት ወጣት ሁለተኛውን የት ነው የሚሠራው? ማንስ ይከፍልለታል?

አንባቢያችሁ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር