እንስራ ያዘለችው ሴት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአዳማ ሙቀት ግን ብሶበታል።

አልበምሽን ከሳጥን አወጣሁት። አትቆጪኝ፤ ቅጠሎቹ እየተላቀቁ ስለሆነ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በስልኬ እያነሳኋቸው ነው። ፎቶ ቤት የተነሳሽው ላይ ብዙ ቆየሁ። አፍሮሽ ክብ ብሎ፣ ቀሚስሽ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ የስልክ እጀታ ጆሮሽ ላይ አድርገሻል። ስልኩ የፎቶ ቤቱ እንደነበር ነግረሽኛል። ከኋላሽ ሸራ ላይ ባሕርና ዘንባባ ተስሏል። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ፣ ናዝሬት፣ 1964» ይላል።

ነገሥታቱ የራሳቸው ፎቶ አንሺ ነበራቸው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቦያጂያን ቤተሰብ ቤተ መንግሥቱን ሲያነሳ ኖሯል። የእናንተን ኑሮ ያስቀሩልን ግን የሰፈር ፎቶ ቤቶች ናቸው። እጃቸው ይባረክ።

አባዬ ባቡር ጣቢያው በር ላይ የተነሳውን ታስታውሺዋለሽ? ፎቶው የተነሳው ለእሱ ነው፤ የኔ ዓይን ግን ከኋላው ሄደ። ሁለት ጋሪ ቆሟል፣ አንዱ ፈረስ አንገቱን ደፍቷል። ከጎኑ አንዲት ሴት እንስራ አዝላለች። ሳጎላው ገመዱ ደረቷን ሰንጎ እንደያዛት ይታያል። ጀሪካን የለም፣ ፌስታል የለም። ውኃ በሰው ጀርባ ይመጣ እንደነበር ላሳይ ብሎ ያነሳው የለም፤ እንዲያው አብሮ ገባ። ዛሬ እዚያ የሚደረደረው ባጃጅ ነው። ባቡሩም ከከተማው ወጣ ብሏል። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነበር፤ የኤሌክትሪኩ ባቡር ልክ በ100 ዓመቱ፣ በ2009 ተመረቀ።

የኔን ነገር ታውቂያለሽ። የልጄ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ፎቶ በሙሉ ከተሰረቀው ስልኬ ጋር ሄደ። አንዲት እንኳ አላሳጠብኩም ነበር። ዛሬም ያንገበግበኛል። ያንቺ ግን ሳጥን ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ኖሮ ይኸው። አሁን በየወሩ አምስት አምስት አሳጥባለሁ። ልጄን ሳነሳት የሰፈሩን ሱቅ፣ ባጃጁን፣ የቆመችበትን በር አብሬ አስገባለሁ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። መነጽርሽን አዘጋጂልኝ። አንቺ ስም ትነግሪኛለሽ፣ እኔ ጀርባው ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። መጀመሪያ የምጠይቅሽ ስለዚያች ሴት ነው። ፊቷን ወደ አባዬ አዙራለች፣ የምትስቅ ትመስላለች። ታውቂያት ይሆን?

ልጅሽ
ከአዳማ