ውኃው ረግቶብን ነው

በርሚንግሃም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን።

ይህን የምጽፍልዎ ባለፈው ሳምንት በስልክ የተነጋገርነው ሆዴን እየበላው ስለሰነበተ ነው። እኔ «ጀልባችንን በረዶ ይዞት ቆመናል» ስልዎ እርስዎ «ባሕር ላይ ምን ወሰዳችሁ? በረዶውስ ስንት ሰው መታ?» አሉኝ። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ጆሮዎም እንደ ድሮው አይደለም። በማግስቱ ወንድሜ ደውሎ «አባባ ሌሊቱን ሲጸልዩልሽ አደሩ» ቢለኝ በጣም አፈርኩ። አሁን እሱ ቀስ ብሎ ያንብብልዎት።

ባሕር ላይ አልነበርንም፤ ጀልባ ተከራይተን ሰው በቆፈረው የውኃ ቦይ ላይ ነበር የምንሄደው። እዚህ አገር ባቡር ሳይመጣ በፊት ዋናው የጭነት መንገድ ውኃ ነበር። የእርስዎ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይጭነው የነበረውን ያኔ ጀልባ ይጭነዋል፤ ድንጋይ ከሰሉን፣ ጨዉን፣ ሸክላዉን፣ እህሉን። ፈረስ ከዳር ሆኖ በገመድ ይጎትተዋል። ለዚህ ብለው ነው ምድሩን በዶማና በአካፋ ቆፍረው ቦይ ያወጡለት። እኛ የሄድንበት ከበርሚንግሃም ወደ ዉስተር የሚወርደው ቦይ እንደ ፈረንጆቹ በ1815 ነው ያለቀው። ጥልቀቱ ከሰው ደረት አያልፍም፤ ቢወድቁበት የሚገድለው ብርዱ እንጂ ውኃው አይደለም። ዛሬ ጭነት የለም። ሰው ጀልባ ተከራይቶ በዓል ያሳልፍበታል፣ አንዳንዱም ዓመት ከዓመት ይኖርበታል።

ጀልባዉን ቢያዩት ይስቁ ነበር። ርዝመቱ አሥራ ሰባት ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ብቻ። ተሳቢ ቤት የሠሩበት ይመስላል፤ አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ የብረት ምድጃ፣ ሁሉም በአንድ መስመር። በናፍታ ነው የሚሄደው፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከስድስት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ፍሬን የለውም፤ ለማቆም የኋላ ማርሽ ያስገባሉ። መሪው ደግሞ የብረት ዘንግ ነው፤ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ወደ ግራ መግፋት ነው። ባለቤቴ ሾፌር፣ እኔ ረዳት ሆንን። ታኮ የለም እንጂ ሌላው ሁሉ ያው ነው፤ መውረድ፣ መሮጥ፣ ገመድ መያዝ፣ መጮህ።

ውኃ ሽቅብና ቁልቁል መንዳት ስለማይቻል ዳገት ባለበት ሁሉ ሎክ የሚሉት የውኃ ደረጃ አለ። ጀልባዉን በሁለት መዝጊያ መካከል አስገብተው ይዘጉና ውኃዉን ይለቁታል ወይም ይሞሉታል፤ ጀልባው ከውኃው ጋር ይወርዳል፣ ይወጣል። በእኛ መንገድ ላይ ከአራት ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ሠላሳ ሎክ ተደርድሯል። በእንግሊዝ አገር ይህን የሚያህል የሎክ ድርድር የለም። ቦታው ታርድቢግ ይባላል። ስሙን ስሰማ ለብቻዬ ሳቅሁ። ታርማ በር! ደግሞ እኮ አቀማመጡም ያው ነው፤ መጀመሪያ ዋሻ፣ ከዋሻው ሲወጡ ቁልቁለት። ደብረ ሲና ብቻ ነው የጎደለው።

ሐሳባችን ሠላሳዉን ሎክ ወርደን፣ ለፈረንጆቹ ገና፣ ታኅሣሥ 16 ማለት ነው፣ ዉስተር ለመድረስ ነበር። የባለቤቴ እህት ከልጆቿ ጋር ከለንደን በባቡር መጥታ እዚያ ልትቀበለን፣ በዓሉን ጀልባው ላይ አብረን ልንውል ተስማምተናል። ለልጆቹ ከበጋ ጀምሮ ሲወራ የከረመ ነገር ነው።

ዓርብ ታኅሣሥ 8 ተረከብን። ውኃው ላይ ስስ በረዶ ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ አልደነገጥኩም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት እንስራ ላይ የሚረጋዉን፣ ሣሩ ላይ የሚነጣዉን አመዳይ አውቃለሁ፤ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል። ቅዳሜ ስንነሳ የጀልባው አፍንጫ በረዶዉን ሲሰብረው ድምፁ ምጣድ ድንጋይ ላይ ወድቆ እንደሚሰበር፣ ግን የማያባራ። ልጆቹ በደስታ ጮሁ። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ግን ዝም አለ። ዋሻ ሙቀት ስለሚይዝ ውኃው አልረጋም፤ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል። በወዲያኛው አፍ ስንወጣ አመዳዩ ቀርቶ የሚወርደው ሌላ በረዶ ሆኗል፤ እንደ ባዘቶ የሚረግፈው። ከመጀመሪያው ሎክ በላይ አሰርን፣ ጠዋት ልንወርድ።

እሑድ ጠዋት ጀልባው አይነቃነቅም። እግሬን በመስኮት አውጥቼ ውኃዉን ብረግጠው ድንጋይ ነው። ሬዲዮው ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ይላል። ባለቤቴ ሞተር አስነስቶ ሊገፋዉ ሲሞክር ከጎናችን ካለው ጀልባ አንድ ሽማግሌ በካልሲ ወጥተው ጣራችንን በጡጫ መቱት። «አጥፋው!» ቁጣቸው ከእርስዎ ቁጣ አይተናነስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጭን በረዶ ሲሰበር ጠርዙ ቢላ ነው። የብረት ጀልባ እንዳይዝግ የሚቀባዉን ጥቁር ሬንጅ በውኃው ልክ ዙሪያዉን ልጦ ያነሳዋል። ብረቱስ ይሁን፤ ከፋይበር ወይም ከእንጨት የተሠራ ጀልባ አጠገብ ካለ ግን፣ እርስዎ የሰበሩት በረዶ ተገፍቶ ሄዶ የሰዉን ቤት ጎን ይበሳል። አንዳንድ ጀልባ እንዲህ ሆኖ ሰጥሟል። ሎኩም ቢሆን አያስገባም፤ ከመዝጊያው ጀርባ የተከማቸው በረዶ በሩን እስከ መጨረሻው አያስከፍተውም፣ ድንጋዩ ላይ ቆሞ መዝጊያ መግፋትም ለመንሸራተት ነው። ባለቤቴ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ለዘጠኝ ቀን አላስነሳነውም፤ ባትሪ ለመሙላት ካልሆነ።

ጀልባዉን ያከራየን ሰው በስልክ «በአየር ጠባይ ገንዘብ አንመልስም፤ ከፈለጋችሁ ትታችሁት ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አለን። በገንዘቡ ነገር ከእሱ ጋር ገና አልጨረስንም፤ ይቅር።

ቤታችን እኮ፣ አባባ፣ ከዚያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ታክሲ ብንጠራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳሎናችን ነበርን። ልጆቹ ግን አንወርድም አሉ። እኔም እውነቱን ልንገርዎ፣ ምድጃው ሲነድ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስዎን ተከናንቤ (ያ ቡናማው፣ እስካሁን አለ) መሄድ አልፈለግኩም።

ሥራው ብዙ ነው። የመንገድ ዳር ቧንቧው ረግቶ ስለነበር በየጠዋቱ ጀበና ሙሉ የፈላ ውኃ አፍስሰንበት ነው የሚለቀው፤ ከዚያ በጀሪካን መሸከም። ትልቁ ልጅ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ በሦስተኛው ቀን ከጎረቤት ልጅ ጋር ይሽቀዳደም ጀመር። ስለ ዓሣዎቹ ተጨንቃ ታለቅስ ለነበረችው ለእህቱም በትምህርት ቤት የተማረዉን አስረዳት፤ ውኃ ከሁሉ የሚከብደው አራት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው፣ ያ ወደ ታች ይሰምጣል፣ በረዶው ቀሎ ከላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ዓሣው ከሥር ይኖራል አላት። እኔም አላውቀውም ነበር።

ከሰሉን በተመለከተ አይስጉ። «ከሰል አንድዳችሁ ዘግታችሁ አትተኙ» ያሉኝን አልረሳሁም። ምድጃው ጭሱን በጣራ ያወጣል፣ የከሰሉ መርዝ ቢወጣ የሚጮህ መሣሪያም ግድግዳው ላይ አለ። ማታ ማታ ግን እኔም መስኮት ገርበብ አድርጌ ነው የምተኛው፤ ባለቤቴ ይቆጣል።

ጾሙንም ይዘናል። ከቤት የጫንነው እንጀራ ስድስት ቀን ቆየልን፤ ብርዱ ለአንድ ነገር እንኳ ጠቀመ። በገናቸው ዕለት ሽማግሌው ጎረቤታችን የተጠበሰ ዶሮ ይዘው መጡ። የእኛ ገና ገና አሥራ ሦስት ቀን ይቀረዋል፣ እስከዚያ ሥጋ አንበላም ስላቸው ዶሮዉን ለልጆቹ ትተው ሽሮ ተቀመጡ። ሁለቴ አስጨመሩ።

የሚነግሩኝ ነገር ብዙ ነበር። በድሮ ዘመን በረዶ መስበሪያ ጀልባ ነበረ አሉ፤ በመሃሉ ረዥም የብረት መደገፊያ ተተክሎበት ሰዎች በሁለት በኩል ቆመው ይዘዉት ግራና ቀኝ ያወዛውዙታል፣ ከፊት ብዙ ፈረስ ተጠምዶ ይጎትታል። መንገዱ እንዲህ ነበር የሚከፈተው። በ1963፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ግን ቦዩ ለወራት ረጋ። ባለ ጀልባዎቹ የሚከፈላቸው በጉዞ ነው፤ ጉዞ ከሌለ እንጀራ የለም። ከልጆቻቸው ጋር ሦስት ሜትር በማትሞላ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁ። በረዶው ሲቀልጥ ጭነቱ ወደ መኪናና ወደ ባቡር ሄዷል፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት ድርጅት አብዛኞቹን የጭነት ጀልባዎቹን አቆመ። ሽማግሌው ይህን ሲሉ እኔ የማስበው እርስዎን ነበር። በእኛ በ1990 የአሰብ ወደብ ሲዘጋብን መኪናዉን ግቢ አቁመው በየጠዋቱ ጎማዉን ይነኩት የነበረዉን።

እዚያው ታርድቢግ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቶም ሮልት የሚባል ሰው ጀልባው ላይ ይኖር ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1945 ሮበርት ኤክማን የሚባል ሌላ ሰው ሊጠይቀው መጣ፤ በዓመቱ ቦዮቹ እንዳይደፈኑ የሚከራከር ማኅበር አቋቋሙ። ባይሆን ኖሮ ዛሬ ብዙው አስፋልት ነው። የእርስዎን የአሰብ መንገድ ግን ማን ይጠይቅለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከገናቸው በፊት በነበረው ሰኞ ለባለቤቴ እህት ደወልኩና «አልመጣም፤ ውኃው ረግቶብን ነው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ከበርሚንግሃም?» አለች። እንዳላመነችኝ ገባኝ። ከኋላዋ ትንሿ ልጇ «እነ አክስቴ አይመጡም ወይ?» ስትል እሰማለሁ። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ።

የ1975ን እንቁጣጣሽ ያስታውሳሉ? ስምንት ዓመቴ ነበር። አደይ አበባ ይዤ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆሜያለሁ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሦስቴ ግቢ ብላኝ ተወችኝ። እርስዎ በዘጠነኛው ቀን መጡ። አበባው ደርቆ ነበር። «ሚሌ ላይ መንገድ ተቆርጦብኝ ነው» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔ ጉልበትዎን ሳልስም ወደ ጓዳ ገባሁ። ሰፈር ውስጥ ስለ ሾፌሮች የሚወራዉን እሰማ ነበርና አላመንኩዎትም። ትልቅ ሆኜም፣ ልጅ ወልጄም፣ አላመንኩዎትም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። አንድም ቀን አልጠየቅኩዎትም፣ አንድም ቀን አላስረዱኝም።

እኔ ብርድ ልብስ ለብሼ፣ ታክሲ እየጠበቀኝ የቆምኩ ሰው ነኝ። እርስዎ ግን የሚሌ ወንዝ ሙላት ፊት ለፊት፣ በዚያ ሙቀት፣ የሰው ንብረት ጭነው። ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።

እሑድ ታኅሣሥ 17 ነፋሱ ሞቅ አለ፣ ሌሊት ዘነበ። በረዶው ሲሰነጠቅ ርችት ይመስላል። ማክሰኞ ውኃው መሃል ለመሃል ተከፍቶ ዳር ዳሩን እንደ ሰፌድ ክብ ክብ በረዶ ይንሳፈፋል። ሽማግሌው ወጥተው በእንጨት ነካ ነካ አድርገው «አሁን ሂዱ» አሉን። ጀልባዉን አዙረን፣ በመጣንበት ዋሻ አልፈን መለስነው። ሠላሳዉን ሎክ አንድም አልወረድን። የባለቤቴ እህት ለእኛ ገና ትመጣለች፤ ቤት ነው የምንውለው።

ለመድኃኒትዎ የሚሆን ገንዘብ በወንድሜ ስም ልኬያለሁ፤ ጠዋት ሳይበሉ እንዳይወስዱት።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ወንድሜ ወረቀት ይያዝና እርስዎ ይንገሩት። ሚሌ ላይ ዘጠኙን ቀን ከማን ጋር ነበሩ? ምን በሉ? የት ተኙ? ውኃው መጉደሉን፣ መኪናው እንደሚያልፍ፣ በምን አወቁ? ማን ነው መጀመሪያ የገባው?

ልጅዎ