የሶፍትቦል ክበብ፦ «ሴፍ» ካለች በኋላ

ሶፍትቦል የቤዝቦል ዘመድ ነው፤ ኳስ በዱላ መትቶ ቤዝ ወደሚባሉ ማረፊያዎች የሚሮጥበት ጨዋታ። «ዱላ ይዞ ከመሯሯጥ ምን ይገኛል?» የሚሉን ዘንድሮም አልጠፉም። እስቲ የ2017ን ሥራችንን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበናል፤ ሕግ አጥንተናል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሜዳችን ላይ የግንባታ ድንጋይ ስለተራገፈ ሦስት ሳምንት ቆመናል። አራት ልጆችም ለቀውብናል።

ብዙ የደከምንበት ዳኝነቱ ነው። ሯጩ ከኳሷ ቀድሞ ቤዙን ነክቷል (ሴፍ) ወይስ ተቀድሞ ወጥቷል (አውት) የሚለው የዳኛው እይታ ነው፤ በጭቅጭቅ አይቀየርም። ሕጉ ያለቦታው ተሠርቶበታል የሚል ግን አቤት ማለት ይችላል። ዳኛው ራሱ ከተጠራጠረም ባልደረባውን ይጠይቃል።

የአሜሪካዊውን የቤዝቦል ዳኛ የጂም ጆይስን ታሪክ ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዲትሮይት ላይ ወርዋሪው አርማንዶ ጋላራጋ 26 መቺዎችን በተከታታይ አስወጥቶ ነበር፤ ፍጹም ጨዋታ ለመጨረስ አንድ ብቻ ቀርቶታል። ጆይስ 27ኛውን በስህተት «ሴፍ» አለው። ያኔ በቪዲዮ የሚታየው የሆም ረን (ከሜዳው አጥር በላይ የተመታ ኳስ) ውሳኔ ብቻ ስለነበር አልታረመም። ጆይስ ግን ምስሉን አይቶ መሳሳቱን በግልጽ አመነ።

ሚያዝያ ላይ ለግጥሚያ ጃንሜዳ ሄድን። ከካራ መገናኛ፣ ከመገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ልጆቹ ከኪሳቸው ከፍለው። አንደኛ ቤዝ ላይ የዳኘችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን ናት። በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው። የመጨረሻው ዙር፣ ሁለት አውት። ልጃችን መትቶ ሮጠ። «ሴፍ!» ብላ እጆቿን ዘረጋች። ከሦስተኛ ቤዝ የተነሳውም ገባ፤ እኩል ሆንን ብለን ጨፈርን።

የተጋጣሚ አምበል ብቻውን መጥቶ በትሕትና ጠየቃት። እዚያ ቦታ ዳኛ የሯጩን እግር በዓይኑ፣ ኳሷ ጓንት ውስጥ ስትገባ ደግሞ በጆሮው ነው የሚከታተለው። አጠገባችን ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች ይጮኹ ነበር። ወደ ሌላው ዳኛ ሄዳ ተነጋገረች። ተመልሳ ጡጫዋን አነሳች። «አውት!» ሦስተኛው አውት ስለሆነ ዙሩ አለቀ፤ ነጥቡም ተሰረዘ፤ ተሸነፍን።

«የማን ወገን ነሽ?» ብለው ጮኹባት፣ የራሳችን ልጆች።

«የኳሷን ድምፅ አልሰማሁም። የሰማውን ጠየቅኩ» አለች።

ማታ ታክሲ ውስጥ ሒሳቧን የከፈለላት ያ አውት የተባለው ልጅ ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ እንባዬን እንዳያዩብኝ።

ዘጠኝ ልጅ ሜዳ ሲገባ ያለን ጓንት አምስት ነው። የፊት መከላከያ ስለሌለን ዋናው ዳኛችን ከመቺው ጀርባ ቆሞ አያውቅም፤ ከወርዋሪው ጀርባ ሆኖ ነው የሚዳኘው። ለእግር ኳሱ ቡድን ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ማሊያ ተገዝቷል። እኛ የምንለምነው አራት ጓንትና አንድ የፊት መከላከያ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ብቅ በሉና እዩን።