የዳሽቦርዱን መብራት አታጥፉብን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁን ሳነብ ዓመታት ሆኖኛል። ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈውም አንዳንድ ጋራዥ ችግሩን ሳይጠግን የዳሽቦርዱን ማስጠንቀቂያ መብራት ብቻ ስለሚያጠፋ ነው። መካኒክ አይደለሁም፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ቤቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ የሐረጎን ዳገት በሳምንት አምስት ስድስት ጊዜ እወርደዋለሁ፣ እወጣዋለሁ። መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ መኪና ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ኩርባው አያልቅም። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል። ክረምት ሲሆን ጉሙ ይወርድና ከፊት ያለውን መኪና መብራት እንኳ ይሸፍናል።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ይዤ ወደ ደሴ እየወጣሁ ነበር። ያካፋል። ከኋላዬ የተጫነ ከባድ መኪና አለ። በ40 አካባቢ እየነዳሁ ሳለ የፍጥነት ቆጣሪው ቀስት ድንገት ዜሮ ላይ ወደቀ። መኪናዋ ግን እየሄደች ነው። ቢጫው የሞተር መብራት በራ። ወዲያው ጉልበቷ ከዳት። ነዳጅ ረገጥኩ። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ መኪናዋ ግን አትስብም። ጠበቅ አድርጌ ረገጥኩ። ያው ነው። ዳገቱ መሃል፣ ኩርባው ሥር፣ እየተንፏቀቀች ቆመች።

የኋላው መኪና ክላክሱን ለቀቀው። በመስታወት ሳይ ሁለት መብራት ብቻ ነው የሚታየኝ፣ እሱም እየቀረበ። አንዷ ባልደረባዬ «ያ ረቢ!» ስትል፣ ሌላዋ «እመብርሃን!» ስትል እኩል ሰማሁ። ያቺን ቅጽበት አሁንም ሌሊት ሌሊት አያታለሁ።

ሹፌሩ ቶሎ ፍሬን ያዘ። ረዳቱ ከጋቢና ዘሎ ወረደና ትልቅ ድንጋይ አምጥቶ ከኋላ ጎማዬ ሥር ታኮ አደረገልኝ። «አብሽሪ እትዬ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቢ» አለኝ። ከዚያ ሮጦ ቅጠል ቆረጠና ከኩርባው በታች፣ ከታች የሚመጣው ከሩቅ እንዲያየው፣ መንገዱ ላይ አስቀመጠ። ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። በድንጋጤ ስሙን አልጠየቅኩትም። ይህን የሚያነብ ከሆነ ምስጋናዬ ይድረሰው። ስንሄድም ድንጋዩን ከመንገዱ ያነሳው እሱ ነው። ብዙዎቻችን ድንጋዩን እዚያው ጥለን እንሄዳለን፤ ለቀጣዩ ሰው ሌላ አደጋ ይሆናል።

ሞተሩን አጥፍቼ ጥቂት ቆይቼ ሳስነሳት ተነሳች። እየተጎተተች ደሴ ገባን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ሁሉ ከመድረሱ ከሦስት ሳምንት በፊት ተነግሮኝ ነበር። የነገረችኝ መኪናዋ ራሷ ናት። ለለቅሶ ሐይቅ ከተማ ስሄድ ቀስቱ መዝለል ጀመረ። ከ60 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 80። በማግስቱ ቢጫው መብራት በራ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ መሣሪያውን ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ሰካና ፒ0500 የሚል ቁጥር አወጣ። «የስፒድ ሴንሰር ነው። ቆጣሪውን እንጂ መኪናውን ምንም አያደርገውም። አጥፍቼልሻለሁ፣ ዝም ብለሽ ንጂ» አለኝ። ሁለት መቶ ብር ከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። ተመልሼ ሄድኩ። አሁንም አጠፋልኝ። ሽቦውን አላየም፣ ከሥር አልገባም፣ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም።

እኔ ሥራ ላይ የአንዲት ነፍሰ ጡር የደም ግፊት ከፍ ብሎ ባገኘው መለኪያውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ «ደህና ነሽ፣ ሂጂ» አልላትም። እንዲህ ያደረገች አዋላጅ ብታጋጥማችሁ ምን ትሏታላችሁ? እዚያ ጋራዥ የሆነው ግን ይኸው ነው። እኔም ገንዘብ ከፍዬበታለሁ።

በነዚያ ሳምንታት መሃል አንድ ሌሊት አምቡላንሱ ሌላ ጥሪ ላይ ነበር። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳትን እናት በዚችው መኪና ወደ ደሴ አደረስኩ። ሐረጎን በዚያ ሌሊት ወጣነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትየውም ሕፃኑም ደህና ናቸው። ሐረጎ ላይ የቆምኩ ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ያሰብኩት እሷን ነው። ከእናቷ ጋር ከኋላ ወንበር ተኝታ፣ እጇ እየቀዘቀዘ። መኪናዋ የቆመችው ያን ሌሊት ቢሆን ኖሮስ?

ከሐረጎው በኋላ ያው ጋራዥ «እንግዲህ ሴንሰሩ ይቀየር» አለኝ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ልኬ ያገለገለ ሴንሰር በ4,500 ብር አስገዛሁ። ተገጠመ። በሁለተኛው ቀን ቀስቱ እንደገና ዘለለ። ያኔ ነው ሰው ወደ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሻን የመራኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቤት የሚሠሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ጥያቄ ስለ ሴንሰሩ አልነበረም። «ልጄ፣ ላቫጆ ሞተሩንና ሥሩን በኃይለኛ ውሃ ታሳጥቢያለሽ?» አሉኝ። አዎ፣ አሳጥባለሁ። ሐይቅ ለለቅሶ ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን አሳጥቤ ነበር።

መኪናዋን በክሪክ አነሷትና የፊት ጎማዎቹ በአየር ላይ እንዲዞሩ አደረጉ። መሣሪያውን ለልጃቸው ሰጡና እሳቸው ወደ ሴንሰሩ የሚሄደውን ሽቦ በጣታቸው ቀስ እያሉ ነቀነቁት። ልጁ «አባ፣ ዜሮ ሆነ» አለ። ደግመው ነቀነቁት። «ተመለሰ።» ሶኬቱን ፈቱት። መያዣው ድሮ ተሰብሮ አንድ ሰው በናስትሮ ጠቅልሎታል። ውስጡ ውሃ ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ሶኬቱን ቀየሩት፣ ሽቦውን በየዱት፣ ውሃ እንዳያስገባ ሸፈኑት። 700 ብር። የድሮውን ሴንሰር መልሰው ገጠሙት። እስካሁን የሚሠራው እሱ ነው። የገዛሁት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ሥራቸውን ሲጨርሱ ሻይ አስመጥተው ነገሩን አስረዱኝ። እኔም እንደገባኝ ላስረዳ፤ ብዙ አሽከርካሪ አያውቀውምና። ይህ ሴንሰር በብዙ መኪና ካምቢዮው ላይ ይሰካል። ካምቢዮው ውስጥ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ጥርስ አለ። ጥርሱ በሴንሰሩ ፊት ባለፈ ቁጥር አንድ ምት ይላካል። የመኪናው ኮምፒውተር ምቱን እየቆጠረ ፍጥነቱን ያውቃል። «እንደ ልብ ምት በይው» አሉኝ። በአንዳንድ መኪና ይህ መረጃ የሚመጣው በየጎማው ካሉት የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሴንሰሮች ነው።

እንደኔ ያለ አውቶማቲክ መኪና ማርሽ የሚቀይረው ይህን ምት እያየ ነው። ምቱ ድንገት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሲዞር ያያል፣ መኪናው ግን የቆመ ይመስለዋል። ካምቢዮው እንዳይጎዳ ራሱን ይገድባል። ብዙ ጊዜ አንድ ማርሽ ላይ፣ ለምሳሌ ሦስተኛ ላይ፣ ይቆልፈዋል። አንዳንዱ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ቀስ እያሉ ጋራዥ ለመድረስ ይበቃል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ሐረጎ ላይ ግን አይበቃም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ድሮም ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም። በዚያ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ሲሉት ሊቆም ይችላል።

ከተናገሩት ሁሉ አንድ ነገር አልረሳውም። ቁጥሩ «በዚህ በኩል ምልክት የለም» ነው የሚለው። «ይህን ዕቃ ቀይር» አላለም። ምልክቱ የጠፋው ሴንሰሩ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ሽቦው ተፍቆ፣ ሶኬቱ ዝጎ፣ አይጥ በልታው ወይም ሴንሰሩ ጫፍ ላይ የብረት ብናኝ ተሰብስቦም ሊሆን ይችላል። ጉልበት የሚያሳጣውም ይህ ብቻ አይደለም። የነዳጅ ማጣሪያ ሲደፈን፣ የነዳጅ ፓምፕ ሲደክም፣ የነዳጅ መርገጫው የራሱ ሴንሰር ሲበላሽ መኪና እንዲሁ ይከዳል። በግምት ዕቃ የሚቀይር ሰው እንደኔ ገንዘቡን ይጥላል።

ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ልለምናችሁ። ቁጥሩን ከመጠገናችሁ በፊት አታጥፉት። ጠግናችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ ነድታችሁ አለመመለሱን እዩ። መጠገን ካልቻላችሁ «አልቻልኩም፣ እገሌ ጋ ውሰጂው» በሉ። አናፍርባችሁም። እኛም ከአቅማችን በላይ የሆነችውን እናት ሪፈር እንጽፍላታለን።

የዓመታዊ ምርመራ ባለሙያዎችም አንድ ነገር እንድታዩልን እፈልጋለሁ። ፍሬን ታያላችሁ፣ መብራት ታያላችሁ፣ ጎማ ታያላችሁ። ዳሽቦርዱንም እዩት። ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቢጫው የሞተር መብራት መብራት አለበት። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለበት። ከነጭራሹ ካልበራ ወይ አምፖሉ ተቃጥሎ፣ ወይ ተነቅሎ፣ ወይ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት መኪና ገዛ። ይህን ስነግረው ሄዶ ሞከረ። አልበራም። ሲያስፈታው ከመብራቱ ፊት ጥቁር ናስትሮ ተለጥፎ ተገኘ። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ቁልፉን አዙራችሁ እዩ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ሚኒባሶቻችንንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ከደሴ ኮምቦልቻ ስሳፈር ከሹፌሩ ጀርባ መቀመጥ እወዳለሁ። ቀስቱ ዜሮ ላይ የተኛበት ሚኒባስ ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል! ስጠይቅ «ቆጣሪው ድሮም አይሠራም» እባላለሁ። በእጅ ማርሽ ስለሆነ ጉልበቱ ላይ ብዙ ላይታወቀው ይችላል። ግን ሐረጎን ቁልቁል የሚወርድ ሰው ፍጥነቱን በምን ያውቃል? በግምት? የፍጥነት መገደቢያ የተገጠመለትም ቢሆን፣ መገደቢያው ፍጥነቱን ማወቅ አለበት። ምልክቱ ከጠፋ ምኑን ይገድባል? ተሳፋሪ ይህን የመጠየቅ መብት አለው። እኔ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱ ይቆጣኛል፣ አንዳንዱ «ልክ ነሽ እትዬ» ይለኛል።

እንደኔ ዳገት ላይ ለሚያጋጥመው፣ አዛውንቱ የነገሩኝን ልንገር። መኪናው እየተንቀሳቀሰ ቁልፉን አታጥፉ። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደነድናል። አራቱንም ፍሬቻ አብሩ። ትንሽም ቢሆን የሚስብ ከሆነ ኩርባው ላይ ከመቆም ሰፋ ያለ ቦታ እስክታገኙ ቀስ እያላችሁ ግፉ። ከቆማችሁ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ታኮ፣ ከዚያ ከኋላ ራቅ አድርጎ ምልክት። አጥፍቶ ማስነሳት አንዳንዴ ጉልበቱን ይመልሳል፤ ያ ግን ጋራዥ ለመድረስ እንጂ ነገ ለመንዳት አይደለም። መንገድ የሚመለከታችሁም ሐረጎ ላይ የተበላሸ መኪና ጥግ የሚይዝባቸው ሰፋፊ ቦታዎች ብትጨምሩልን፣ በጉም ቀን የምንቆምበት እናገኛለን።

ያን ዕለት «ያ ረቢ» ያለችው ባልደረባዬ እስካሁን ከኔ ጋር ዳገቱን አትወጣም። ጠዋት አብረን እንወርዳለን፤ ማታ በሚኒባስ ትመለሳለች። አልፈርድባትም።

የመኪናዬ የዓመታዊ ምርመራ ተራ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ቁልፉን አዙሬ «መብራቶቹን ተመልከትልኝ» እለዋለሁ። ካየልኝም ካላየልኝም ጽፌ አሳውቃችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አዋላጅ ነርስ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ