ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ተቀመጡበት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአርባ ምንጭ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ ከብት መከተብና ማከም ነው። ስለ ሞተር ሳይክል በጋዜጣ የማነበው አብዛኛውን ጊዜ አደጋ ሲደርስ ነው፤ ያኔም ጥፋቱ የፍጥነት ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ የፍጥነት ነው። ነገር ግን ሳይፈጥን የሚወድቅም ሰው አለ። ከቆመ በኋላ የሚወድቅ። ስለ እንዲህ ዓይነቱ ሰው የጻፈ ስላላየሁ እኔው ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

ምክንያት የሆኑኝ ባለፈው ወር እኛ ዘንድ የተመደቡ 2 ወጣት ባለሙያዎች ናቸው። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም ሞተር ነድተው አያውቁም። ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ ታናሺቱ ጠጋ አለችኝና፣ «እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እኔ እኮ ገና ሳስበው እጄን ያልበኛል። ለእኔ የሚሆን ሞተር አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። ለእሷ የነገርኳትን ሌላውም ይስማው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የዛሬ 4 ዓመት ነው፤ 37 ዓመቴ ነበር። በአንድ ፕሮጀክት በኩል ለመሥሪያ ቤታችን ሞተሮች መጡ። ከመሬት ከፍ ያሉ፣ ለገጠር መንገድ የተሠሩ፣ ጎማቸው ጥርስ ያለው። ለማን ምን ይመቸዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ፈርመን ቁልፍ ተቀበልን። የእኔ ቁመት 1 ሜትር ከ58 ነው። በኋላ በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካው የሞተሯ ወንበር ከመሬት 84 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ የእኔ እግር ደግሞ ከብሽሽት እስከ ተረከዝ 72። ስቀመጥባት ሞላዋ ትንሽ ዝቅ ቢልም መሬት የሚነካው የአንድ እግሬ ጫማ ጫፍ ብቻ ነበር። ሌላው እግሬ አየር ላይ ነው።

መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት ደግሞ በሌላ ዓይነት ሞተር ነው። የማሠልጠኛው ሞተር አሮጌና ዝቅ ያለች ነበረች፤ ማርሿም ሁሉም ወደ ታች እየተረገጠ የሚገባ። የመሥሪያ ቤቱ ግን አንደኛው ብቻ ወደ ታች ይረገጣል፣ ከሁለተኛ ጀምሮ በጫማ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል። ጀማሪ ሰው ይህን ልዩነት ማንም አይነግረውም። ሦስተኛ ላስገባ ብዬ ስረግጥ አንደኛ ይገባና ሞተሯ ጮሃ ትያዛለች፤ እኔም ወደ መሪው እወረወራለሁ።

የወደቅኩት ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ስወርድ ነው። ከተማችንን የሚያውቅ ሰው ቁልቁለቱን ያውቀዋል። ከፊቴ የነበረ ባጃጅ ተሳፋሪ ለማውረድ ድንገት ጥግ ያዘ። እኔም ፍሬን ያዝኩ፤ በደንብ ቆምኩ፤ ማንንም አልነካሁም። ከዚያ ቀኝ እግሬን ወደ መሬት ስልከው መሬቱ አልነበረም። ጫማዬ የወረደው ከአስፋልቱ ጠርዝ በታች ወዳለው አፈር ነው። ያቺ የጎደለችው 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር በቃች። ሞተር መዘንበል ሲጀምር ቀስ ብሎ ነው፤ እይዘዋለሁ ብለሽ ታስቢያለሽ፤ ከዚያ ክብደቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይመጣብሻል። የጋለው ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው፣ ባቴ ላይ አረፈ። አይስ ቦክሱ ከኋላ ተፈትቶ ወደቀና የአባ ሰንጋ ክትባት ጠርሙሶች አስፋልቱ ላይ ተበተኑ፤ ሁለቱ ተሰበሩ። ሞተሯን ያነሡልኝ ባለባጃጁና አንድ ተሳፋሪ ናቸው። የቃጠሎው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ፣ የእንቁላል ያህላል።

ከዚያ በኋላ 7 ወር ሞተር አልነካሁም። ወደ ላንቴና ወደ ጫኖ በሚኒባስ እሄድና ከአስፋልቱ ወዲያ ያለውን በእግሬ እያቆራረጥኩ እገባ ነበር። በቀን 3 መንደር እደርስ የነበርኩት ሴት አንድ መንደር ብቻ መድረስ ጀመርኩ። አባ ጎርባ የተባለው የከብት በሽታ ወሬ ተሰምቶ፣ እኔ እስክደርስ ጥጃው የሞተበትን አንድ አባወራ ፊት አልረሳውም። በቢሮ ውስጥ «ድሮም ሞተር ለሴት አይሆንም» ሲባል ሰምቻለሁ። የሚያሳዝነኝ እኔም ማመኔ ነው።

ከዚህ ያወጡኝ ኩልፎ ወንዝ አጠገብ ሞተር የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ያቺን ረጅም ሞተር ለሌላ ባልደረባ ላስረክብ ፍሬቻዋን ላሠራ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ እኔ ከዚህ በኋላ አልነዳም» አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ከእግር እስከ ራስ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይቺን ማን መረጠልሽ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጋራዡ ደጃፍ የደንበኞች ሞተሮች ተደርድረው ነበር። «ነይ፣ አንድ በአንድ ውጪባቸው፤ ሞተር አታስነሺ» አሉኝ።

ያን ቀን የሠራነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ገንዘብ አያስወጣም፣ ማንም ሊያደርገው ይችላል። መጀመሪያ የሥራ ጫማዬን አድርጌ፣ መቆሚያውን አጥፌ ተቀመጥኩ። ሁለቱም እግሮቼ ቢያንስ እስከ ግማሽ መርገጫቸው መሬት መያዝ ነበረባቸው። ቀጥሎ ከተቀመጥኩበት ሳልወርድ ሞተሩን በእግሬ እየገፋሁ ወደ ኋላ ከሰልፉ አወጣሁት። ፍርሃቱ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ጣት ብቻ መሬት የሚነካ ሰው ወደ ኋላ መግፋት አይችልም። ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ እያደረግኩ አዘነበልኩት፤ እስከ የት ድረስ ልይዘው እንደምችል ጉልበቴ ነገረኝ። በመጨረሻ ጋሼ አንዱን የራሳቸውን አሮጌ ሞተር ጆንያ ላይ አጋደሙትና «አንሺው» አሉኝ። በእጅ ስታገል አልሆነም። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ፣ ጀርባዬን ለሞተሩ ሰጥቼ፣ ወንበሩን በዳሌዬ ተደግፌ ወደ ኋላ በትናንሽ እርምጃ ስሄድ ግን ተነሣ። በክንድ ሳይሆን በጭን ነው የሚነሣው። ብቻዬን ሞተር ያነሣሁ ዕለት ግማሹ ፍርሃቴ ወጣልኝ።

ከዚያ በኋላ ዕቁቤ ሲደርሰኝ የራሴን ገዛሁ፤ 125 ሲሲ፣ የህንድ ሥራ፣ ያገለገለች። ዘመዶቼ ሁሉ ተቃወሙኝ። ወንድሜ፣ «ትንሽ ከገዛሽ ቶሎ ይሰለችሻል፤ አፓቼ 180 ግዢ፣ ባይሆን ቦክሰር 150» ይለኝ ነበር። ለእሱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ አሥር ዓመት ነድቷል። ለጀማሪ ግን ገና ነዳጅ ሲነካ የሚፈናጠር ሞተር መምህር አይሆንም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጋዙን ሳያስበው ይጠመዝዛል፤ ሞተሩ ያንን ስሕተት በዝግታ የሚቀበል መሆን አለበት።

ከመጠን በላይ ትንሽም አይሁን። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚህ ሜዳ ላይ የሚበቃው 100 ሲሲ፣ ሙሉ አይስ ቦክስና አንድ ሰው ይዞ ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን የዶርዜን ዳገት ሲወጣ ያለቅሳል። የእኔዋ በሁለተኛ፣ ጠመዝማዛው ላይ በአንደኛ ማርሽ ዝግ ብላ ትወጣለች። ግን ትወጣለች።

ስገዛ ደላላው የሚያሳየኝ ቀለሙንና የማርሚታውን ድምፅ ነበር። እኔ የጠየቅኩት በቁልፍና በአውራ ጣት ትነሣለች ወይ ብዬ ነው። በእግር ብቻ የምትነሣ ሞተር ሜዳ ላይ ችግር የለባትም። ዳገት ላይ ከጠፋችብሽ ግን አንዱን እግርሽን ለመርገጫው ስትሰጪ ሞተሯን በሌላው ብቻ ትይዣለሽ፣ ከኋላ መኪና ክላክስ ያደርግብሻል፣ እሷ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ጀማሪን የሚያስለቅሰው ይህ ነው። ቀጥሎ ያየሁት ፍሪሲዮኑን ነው፤ ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚያዘውን። የእኔ ጣቶች አጭር ናቸው፤ ገመዱ ሲስተካከል መያዣው ሳልንጠራራ በሁለት ጣት የሚያዝ ሆነ። ብዙ ሰው ደንዳና ፍሪሲዮን የሞተሩ ተፈጥሮ ይመስለዋል፤ ገመዱን ዘይት ማጠጣትና ማስተካከል ብቻ የሚፈታው ነገር ነው።

ወንበሯም ለእኔ ትንሽ ይቀራት ነበር። የመኪና ወንበር የሚሠሩ ታፒሴሪያ ዘንድ ወስጄ ስፖንጁን ከፊት በኩል 3 ሴንቲ አስቀነስኩት፣ ጎኑንም አስጠበብኩት። ጋሼ የኋላውን አሞርዛተር፣ ሞላውን፣ አንድ ደረጃ አላሉልኝ። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰልባትዮዋንም፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያዋን፣ አልሞላሁም፤ 12 ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ያውም ከላይ የሚቀመጥ ክብደት ነው፤ ስትዘነብል ይታወቃል።

ልምምዴን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳ ላይ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ነዳጅ ሳልሰጥ ፍሪሲዮኑን ብቻ ቀስ እያልኩ እየለቀቅኩ በሰው እርምጃ መሄድና መቆም። ከዚያ ዳገት። ዳገት ላይ ስትነሺ ቀኝ እግርሽ የኋላ ፍሬን ላይ ነው፤ ስለዚህ ሞተሯን የሚይዘው ግራ እግርሽ ብቻ ነው። ያ እግር መሬት ካልደረሰ ምንም ዓይነት ሥልጠና አይረዳም። ሴቻና ሲቀላ ባለበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያቺን ረጅም ሞተር አልወቅሳትም። የወሰዳት ባልደረባዬ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ነው፤ ድንጋዩንም ወንዙንም ያሻግርባታል፤ ከፍታዋ ለዚያ ነው። ጥፋቱ አንድ ልክ ለሁሉም ብሎ መግዛቱ ነው። የራስ ቁሩም እንደዚሁ ነበር፤ ሁላችንም አንድ መጠን ተሰጠን፤ የእኔው ራሴ ላይ እየዞረ አንድ ዓይኔን ይሸፍነው ነበር።

አሁን ፍሪሲዮንም ማርሽም የሌላቸው የኤሌክትሪክ ሞተሮች በየከተማው እየታዩ ነው። ለሚፈራ ጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የከተማ ሥራ ያለው ሰው ቢሞክራቸው እመክራለሁ። እኔ ግን ማታ መብራት መኖሩን እርግጠኛ ወደማልሆንበት ቀበሌ ስለምሄድ በቤንዚኗ እቆያለሁ።

በጋዜጣችሁ በኩል የምለምነው ለመሥሪያ ቤቶችና ለፕሮጀክቶች ነው። ጨረታ ከማውጣታችሁ በፊት የሚነዱትን ሰዎች ጠይቁ፤ አንድ ቀን ወስዳችሁ ሻጩ ዘንድ አስቀምጧቸው። አሥር ሞተር የምትገዙ ከሆነ ሦስት አራቱ ዝቅ ያሉ ይሁኑ። ሥልጠናውም ሰውየው በሚረከበው ሞተር ላይ ይሁን። በእኛ ግቢ ላስቲክ ለብሰው የቆሙ 2 ሞተሮች አሉ፤ ኪሎ ሜትራቸው 400 እንኳ አልሞላም። የተረከቧቸው ሴቶች ሰነፎች አይደሉም። አንዷ እስከ አሁን ከጫኖ ወዲያ በእግሯ ነው የምትሄደው።

ታናሺቱን ባለፈው እሑድ ጋሼ ዘንድ ወስጃት ነበር። 6 ሞተር ላይ ወጣች፣ አምስተኛው ላይ ስትቀመጥ ትከሻዋ ወረደ፤ አየሁት። ገና አልገዛችም፤ ብድሩን እየጠበቀች ነው። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በእኔዋ እንለማመዳለን። እሷ ፍሪሲዮኑን ትለቃለች፣ እኔ አጠገቧ በእግሬ እሄዳለሁ።

ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይቆይልኝ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከአርባ ምንጭ