የታሪክና ሥነ ሕንፃ ክበብ ዘገባ፦ ከቅዱስ ማርቲን አጥቢያ ጋር ያሳለፍነው ዓመት

የታሪክና ሥነ ሕንፃ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ያጠናው አንድ ሕንፃ ብቻ ነው። ሕንፃው በለንደን ከትራፋልጋር አደባባይ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ የሚገኘው፣ ሴንት ማርቲን ኢን ዘ ፊልድስ በመባል የሚታወቀው የአንግሊካን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚህ ለንደን ያደጉት ተማሪዎቻችን በአውቶቡስ ሲያልፉ ደጋግመው ያዩታል፤ ቆሞ ያስተዋለው ግን ጥቂት ስለነበረ ለክበቡ ዓላማ የተመቸ ሆኖ አገኘነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባላቱ ታሪኩን ከማንበባቸው በፊት ከፊቱ ቆመው ያዩትን እንዲሥሉ አደረግን። ሥዕላቸው በሙሉ ሁለት ነገሮችን ይዟል። አንደኛው የሮማውያንን መቅደስ የሚያስታውስ፣ በስድስት የቆሮንቶስ ሥርዓት (አናታቸው በቅጠል ቅርጽ የተጌጠ) ዓምዶች የተዋበ ሰፊ መግቢያ ሲሆን፣ ሁለተኛው 58 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የደወል ማማ ነው። ማማው ከውጭ ሲታይ በጣሪያው ላይ የተቀመጠ ስለሚመስል «ክብደቱን የተሸከመው ምንድን ነው?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ሆነ። መልሱ የሚገኘው ከዓምዶቹ ጀርባ ነው፤ የማማው እግር በሕንፃው ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከግድግዳዎቹ ውስጥ ተሰውሮ እስከ መሬት ይወርዳል። በቀደሙት የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ማማው አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት ጀምሮ ለዓይን ይታይ ነበርና ይህን አሠራር የነቀፉት የሥነ ሕንፃ ሐያስያን አሉ። እኔ በበኩሌ የሮማን መቅደስና የእንግሊዝን ማማ በአንድ አካል ለማስማማት የተደረገ ድፍረት የተሞላበት መፍትሔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ አጥቢያው ከሚታወቁት ጥንታዊ መዛግብት አንዱ የ1222 ነው፤ የዌስትሚንስተር ገዳም አበምኔትና የለንደን ጳጳስ በሥልጣን ይገባኛል የተከራከሩበት ነው። ያን ጊዜ ስፍራው በለንደን ከተማና በዌስትሚንስተር መካከል የተዘረጋ መስክ ነበር። ይሁን እንጂ ሙታን ያረፉበት ከዚያም እጅግ ቀደም ብሎ ነው፤ በ2006 በተደረገው ቁፋሮ በ410 ገደማ የተቀበረ ሰው ያለበት የሮማውያን ዘመን የድንጋይ ሣጥን ተገኝቷል። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1542 ቤተ ክርስቲያኑን እንደገና ያሠራው በወረርሽኝ የሞቱ ሰዎች አስከሬን በቤተ መንግሥቱ በኩል እንዳያልፍ ለመከላከል እንደሆነ ይነገራል። ያ ሕንፃ እያረጀ በመሄዱና ምእመናኑም እየበዙ በመምጣታቸው፣ ፓርላማው በ1720 አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ ፈቀደ፤ ወጪውም ከአጥቢያው ነዋሪዎች በሚሰበሰብ መዋጮ እንዲሸፈን ወሰነ።

ሥራው የተሰጠው በ1682 በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ለተወለደው ለጄምስ ጊብስ ነበር። ጊብስ ካቶሊክ ሲሆን ሥነ ሕንፃን የተማረው በሮም፣ ከሐንዲሱ ከካርሎ ፎንታና ዘንድ ነው። ተማሪዎቻችንን ከሁሉ በላይ የሳበው ያልተሠራው ንድፉ ሆነ። ጊብስ መጀመሪያ ያቀረበው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የሥራው ኃላፊዎች ግን ወጪው ይበዛል ብለው አልተቀበሉትም። እሱም አራት ማዕዘን የሆነውን የአሁኑን ሕንፃ ነደፈ፤ ክቡንም ንድፍ በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ አወጣው።

ክብ ቤተ ክርስቲያን ለእኛ ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ወላጆቻቸው ባደጉባቸው አጥቢያዎች ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱም መቅደሱን በክብ ሲከብ አይተዋል ወይም ሲነገር ሰምተዋል። ስለዚህ የሁለቱን ክብ አሠራር ምክንያት እንዲያነጻጽሩ ጠየቅናቸው። በእኛ ዘንድ ክቡ ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ እየጠበበ ታቦቱን ከዓይን ይሰውራል፤ የጊብስ ክብ ግን ምእመናኑ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው እንዲያዩና እንዲሰሙ የታሰበ አንድ አዳራሽ ነው። ይህን ልዩነት አባላቱ ሁለቱን ንድፎች ጎን ለጎን ሥለው ራሳቸው ስለደረሱበት የዓመቱ ትልቁ ፍሬ እርሱ ነው እላለሁ። ያልተሠራውንም ቤተ ክርስቲያን በካርቶን ሠርተው ለወላጆች አሳይተዋል። የጊብስ አሳብ ከዘመናት በኋላ በሕንድ ሥራ ላይ ውሏል፤ በቼናይ ከተማ በ1821 አገልግሎት የጀመረው የስኮትላንዳውያን የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ከዓምዶቹና ከማማው በስተጀርባ ያለው አካሉ ክብ ነው።

የለንደኑ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ በመጋቢት 1722 ተቀመጠ፤ በጥቅምት 1726ም ተባረከ። ወጪው የሐንዲሱን ክፍያ ጨምሮ 33,661 ፓውንድ ደርሷል። ግን ዛሬ ከአደባባዩ የምናየውን ግርማ የዘመኑ ሰዎች በዚህ ሁኔታ አላዩትም፤ ዙሪያው በቤቶች የተጨናነቀ ነበርና። ስፍራው የተከፈተው በ19ኛው መቶ ዘመን ቤቶቹ ፈርሰው ትራፋልጋር አደባባይ ሲሠራ ነው።

በውስጡ ሁለት ረድፍ ዓምዶች መካከለኛውን አዳራሽ ከጎንና ከጎኑ ካሉት ክፍሎች ይለያሉ፤ በጎንና በምዕራብ በኩል ፎቅ መቀመጫዎች አሉት። የጎበጠው ጣሪያ ከጣሊያን ቋንቋ ተናጋሪ አገሮች በመጡ ባለሙያዎች እጅ በተቀረጸ የልስን ጌጥ ተውቧል። መንበሩ እንደ እኛው ወደ ምሥራቅ ነው። በላዩ ያለው መስኮት በ2008 የተተከለ ሲሆን፣ ኢራን ተወልዳ በለንደን የምትሠራው ሺራዜህ ሁሺያሪ የነደፈችው ነው፤ የመስኮቱ መስመሮች መካከሉ ላይ ታጥፈው መስቀል ይሠራሉ። አንዳንድ አባላት ከጥንታዊው ሕንፃ ጋር አይስማማም ብለው ተከራክረዋል፤ እኔ ግን ብርሃኑን ሳይከለክል መስቀሉን ማሳየቱ ያስመሰግነዋል ባይ ነኝ።

ምድር ቤቱ ሌላ ታሪክ አለው። ከ1914 እስከ 1927 አስተዳዳሪ የነበሩት ቄስ ዲክ ሼፐርድ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ ፈረንሳይ ለሚሄዱ ወታደሮች ማረፊያ አድርገውታል፤ አጥቢያው ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚሰጠውም አገልግሎት እስከ ዛሬ ቀጥሏል። በጥር 1924 ቢቢሲ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት በሬዲዮ ያሰማው ከዚሁ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ክበቡ ጊብስ ከዚህ ቀደም ብሎ የሠራውን፣ በስትራንድ መንገድ የሚገኘውን የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያጠናል። በዚያኛው ላይ ማማው ከሕንፃው ጋር እንዴት እንደተያያዘ መመርመር የመጀመሪያው ሥራችን ይሆናል። መሣልና መለካት የሚወዱ ተማሪዎች በመስከረም ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ እንጋብዛለን።